ሲሲሊን በመኪና፦ የትኛው ፍርስራሽ ይታይ፣ የትኛው ይቅር?

የመክፈቻው ጥያቄ

በአንድ የሐበሾች የኢንተርኔት መድረክ ላይ ጥያቄ የለጠፈችው ጀርመን አገር የምትኖር እህት ናት። ከባለቤቷና ከአዲስ አበባ ከሚመጡት እናቷ ጋር የጣሊያን ደሴት ወደሆነችው ሲሲሊ ሊሄዱ ነው። አንድ ሳምንት አላቸው። መኪና ይከራያሉ። ቀኑ ገና አልተቆረጠም፤ ወይ ግንቦት መጀመሪያ ወይ ሐምሌ መጀመሪያ ነው። ባለቤቷ የጥንት ነገር ነፍሱ ነው። ከፓሌርሞ ተነስቶ ካታንያ የሚያበቃ፣ ስምንት ቦታ የታጨቀበት ዝርዝር አውጥቷል፦ ሴጀስታ፣ ሞትሲያ፣ ሴሊኑንቴ፣ አግሪጀንቶ፣ ፒያሳ አርሜሪና፣ ሞርጋንቲና፣ ሲራኩዛና ታኦርሚና። እሷ ዝርዝሩን ስታየው ገና ሳትነሳ ደከማት። ዓምድ ያው ዓምድ ነው፣ አንዱን ካየን ሌላው ድግግሞሽ አይሆንም ወይ ብላ ጠየቀች። እናቷ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ ጾም አይሽሩም። ከስምንቱ የትኞቹን ልሰርዝ ነው ነገሩ።

ክሩ፣ ማለት የመልሶቹ ሰንሰለት፣ እየረዘመ ሄዶ መሃል ላይ ዓድዋ ገባ። ሁሉንም ለማንበብ ትዕግሥት ለሌለው ሰው በተራ ቁጥሩ እተርከዋለሁ። የራሴንም ሐሳብ ጣል ጣል አደርጋለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

መልስ 1

ሚላኖ የሚኖር ወንድም ነው። ሰላምታው ረጅም፣ ምክሩ አጭር። ከጠያቂዋ ጋር ይስማማል። አግሪጀንቶና ሲራኩዛ ይበቃሉ፣ የቀረው ጊዜ ባሕር ዳር ይዋል ይላል። አግሪጀንቶ ያለው የኮንኮርዲያ ቤተ መቅደስ ከ2,400 ዓመት በላይ ሆኖት ዓምዶቹ በሙሉ ቆመዋል። ያንን ካዩ በኋላ የተጋደመ ድንጋይ ለማየት ነዳጅ ማቃጠል አይታየውም።

መልስ 2

አዲስ አበባ የምትሠራ የሕንፃ መሐንዲስ ናት። በትሕትና ጀምራ በኃይል ትቃወማለች። ለእሷ የሲሲሊ ጣዕሙ ያላለቀው ሥራ ነው። ሴጀስታ ላይ ያለው ቤተ መቅደስ 36 ዓምዶቹ ሙሉ ናቸው። ጣሪያ ግን የለውም፤ የውስጥ ክፍልም የለውም። ፈርሶ አይደለም፣ ሳይጠናቀቅ ቀርቶ ነው። በግሪክ ዓምድ ላይ ከላይ እስከ ታች የሚወርደው ቦይ እዚህ አልተቀረጸም። በደረጃው ድንጋዮች ላይ ደግሞ ለማንሻ ገመድ የተተዉ ጉብታዎች እስከዛሬ አሉ። መጨረሻ ላይ በመሮ ተጠርበው መጥፋት ነበረባቸው። ስለዚህ የትኛው ሥራ ከየትኛው በፊት እንደተሠራ ከድንጋዩ ላይ ማንበብ ይቻላል። ያለቀ ሕንፃ ይህን ይደብቃል።

ዓምድ ያው ዓምድ ነው የሚል ሰው ዓምድ አላየም ብላ ነው የዘጋችው። ጠያቂዋን መንካቷ ነበር፤ ጠያቂዋ ግን ላይክ አደረገችላት።

መልስ 3

በሁለተኛው መልስ የተደሰተ ሰው አንድ ቦታ ጨመረ። ከሴሊኑንቴ ብዙም ሳይርቅ፣ በወይራ ዛፍ መሃል፣ ካቬ ዲ ኩዛ የሚባል የጥንት የድንጋይ ማውጫ አለ። ለቤተ መቅደስ ዓምድ የታሰቡ ግዙፍ ክብ ድንጋዮች ዙሪያቸው ተቆፍሮ፣ ግርጌያቸው ግን ከአለቱ ሳይላቀቅ እንደቆሙ ናቸው። አንዳንዶቹ ተቆርጠው ተነስተው መንገድ ላይ ቀርተዋል። ሰውዬው ሥራውን ያስቆመው የመሬት መንቀጥቀጥ ነው ብሎ ጻፈ።

መልስ 4

ይህችን አላለፉትም። ሴሊኑንቴ ያሉትን ዓምዶች የመሬት መንቀጥቀጥ ጥሏቸው ይሆናል፤ ማውጫውን ያስቆመው ግን የሰሜን አፍሪካዋ ከተማ የካርቴጅ ጦር ነው ተባለ። ሴሊኑንቴ የተያዘችው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ409 ነው። ድንጋዩ ይሄድ የነበረው ዛሬ ጂ በሚል ፊደል ወደሚጠራው ቤተ መቅደስ ነው፤ እሱም ከ100 ሜትር በላይ የሚረዝም፣ ሳያልቅ የወደቀ ክምር ነው። የሴሊኑንቴ ቤተ መቅደሶች በፊደል የሚጠሩት ለየትኛው አምላክ እንደተሠሩ በእርግጠኝነት ስለማይታወቅ ነው። ጎን ለጎን የቆመው ኢ የሚባለው ደግሞ ራሱ አልቆመም፤ በ1950ዎቹ መልሰው ያቆሙት ነው። መልሱ ትክክል ነው፤ አጻጻፉ ግን የፈተና ወረቀት የሚያርም መምህር ዓይነት ነበር።

መልስ 5

ፓሌርሞ የኖረ ሰው ስለ መንገዱ ጻፈ። ለእኔ ጠቃሚ ከሚባሉት አንዱ ነው። ከፓሌርሞ ወደ ሴጀስታና ወደ ሴሊኑንቴ የሚወስደው ኤ29 አውራ ጎዳና አይከፈልበትም። ደሴቱን መሃል ለመሃል ከፓሌርሞ ካታንያ የሚቆርጠው ኤ19ም እንዲሁ። የሚከፈልበት መሲና አካባቢ ያለው ነው። ከሴሊኑንቴ አግሪጀንቶ በደቡብ ባሕር ዳር የሚሄደው 115 ቁጥር መንገድ ግን አውራ ጎዳና አይደለም። ትራክተር ይገባበታል፣ ጥገና ይበዛበታል። ካርታው ከሚለው ሰዓት ላይ ጨምሩ ይላል። ማደያ ስትገቡ ራሳችሁ የምትቀዱበትን ምረጡ፣ ሠራተኛ ሲቀዳ ዋጋው ይጨምራል ብሎ ጨረሰ።

መልስ 6

የሮም ታክሲ ሾፌር ነው፤ የጻፈው ስለ ካሜራ ብቻ ነው። በጣሊያን አሮጌ ከተሞች መሃል ያለ ፈቃድ መኪና የማይገባበት ክልል አለ፤ ዜድ ቲ ኤል ይሉታል። ምልክቱ ቀይ ቀለበት ያለው ነጭ ክብ ነው። ፖሊስ አያስቆምህም። ካሜራው ታርጋህን ያነሳና ቅጣቱ ከወራት በኋላ ቤትህ ይመጣል። አከራዩም አድራሻህን ለማዘጋጃ ቤቱ ስለሰጠ ብቻ የራሱን ክፍያ ይቆርጥብሃል። ፓሌርሞ መሃል አለ። ሲራኩዛ ላይ ኦርቲጂያ የምትባለው አሮጌዋ ከተማም እንዲሁ። ስለዚህ መኪናው ከክልሉ ውጭ ይቁም፣ እግር ይሥራ። ነጭ መስመር ነፃ ነው፣ ሰማያዊ ይከፈልበታል፣ ቢጫ የእናንተ አይደለም።

መልስ 7፣ 8 እና 9

እዚህ ላይ ትንሽ ሞቀ። ሰባተኛው ጸሐፊ ደሴቱ ላይ መኪና ተከራይቶ ሲመልስ፣ እሱ ያላደረሰው ጭረት ተቆጥሮበት ከዲፖዚቱ እንደተቆረጠ ተናገረ። በምሬት ነው የጻፈው። ስምንተኛዋ አላዘነችለትም። ውል ሳያነቡ ፈርሞ ማልቀስ የሐበሻ አመል ነው አለች። እሷ መኪና ስትረከብ ዙሪያውን፣ ጎማውንና መስታወቱን ሳይቀር በስልኳ ትቀርጻለች፤ ስትመልስም እንደዚያው። ምክሩ ጥሩ ነው። ስድቡ ባይኖር ደግሞ የበለጠ ጥሩ ይሆን ነበር።

ዘጠነኛው ከቨርጂኒያ ነው፤ የአሜሪካ መንጃ ፈቃድ ይበቃል ወይ ብሎ ጠየቀ። ጣሊያን ውስጥ ዓለም አቀፉ የመንጃ ፈቃድ ደብተር አብሮ መያዝ እንዳለበት ስምንተኛዋ ራሷ መለሰችለት፤ በዚያው መልሷ ውስጥ አስገብታ። የጀርመን መንጃ ፈቃድ ያለው ሰው ይህ አይመለከተውም። ኪራዩን የሚይዘው ሰው በራሱ ስም የክሬዲት ካርድ ቢኖረው ግን ብዙ ጣጣ ይቀራል።

መልስ 10

ሐምሌ ይሻላል፣ ባሕሩ ይሞቃል፣ ሙቀት ለእኛ ምን ይሆናል፣ እኔ የድሬዳዋ ልጅ ነኝ የሚል ጉረኛ መልስ ነው። ሳቅ አገኘ።

መልስ 11

ሳቁን የቆረጠው ይህ ነው። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 11 ቀን 2021 ከሲራኩዛ አጠገብ 48.8 ዲግሪ ተመዝግቧል። የአውሮፓ ሪከርድ መሆኑን የዓለም ሜትሮሎጂ ድርጅት አጽድቆታል። ቤተ መቅደሶቹ ያሉት ጥላ እምብዛም በሌለበት ገላጣ ቦታ ላይ ነው። ጉልበታቸውን የሚያማቸውን እናት በሐምሌ ቀትር እዚያ ማቆም ኃጢአት ነው ብሎ ጻፈ። ድሬዳዋዊው ለቀልዱ ቀልድ እየጠበቀ ነበር መሰለኝ፣ ዝም አለ።

መልስ 12

አንዲት እህት የሙቀቱን ነገር በጾም ደገፈችው። ግንቦት መጀመሪያ በዓለ ሃምሳ ነው፤ ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾምም። ሐምሌ መጀመሪያ ግን የሐዋርያት ጾም ገና አልተፈታም። እናትዬው ሲሲሊ ሄደው ዓሣና አይብ እያዩ ከሚያልፉ ግንቦት ይሻላቸዋል ባይ ናት። ጾም ላይ ቢውሉም አይራቡም፦ ፓሌርሞ መንገድ ላይ ከሽምብራ ዱቄት የሚጠበስ ፓኔሌ አለ፤ ከደረቅ ባቄላ ተቀቅሎ የሚላም ማኮ የሚባል ወፍራም ሾርባ አለ፤ ካፖናታ የሚሉት በወይራ ዘይት የተሠራ የደበርጃን ወጥም አለ። ጠያቂዋ ቀኑን እዚያው ላይ ወሰነች። ግንቦት።

መልስ 13

ክሩን ያዳነው ይህ ነው ብዬ አምናለሁ። ጸሐፊው የታሪክ መምህር እንደነበሩ ይናገራሉ፤ ሌሎቹም ጋሼ እያሉ ይጠሯቸዋል። ጥያቄው ራሱ ተገልብጦ ቀርቧል አሉ። እነዚህን ቦታዎች ለየብቻ ካያችኋቸው አዎ፣ ድንጋይ ናቸው። በአንድ ጠብ ውስጥ ስታስገቧቸው ግን አንዱም አይደገምም።

ጠቡ እንዲህ ነው። ሴጀስታና ሴሊኑንቴ በድንበር የሚጣሉ ጎረቤቶች ነበሩ። ዛሬ በመኪና አንድ ሰዓት አይሞላም። ሴሊኑንቴን ያቆሙት ግሪኮች ናቸው። ሴጀስታዎች ግሪክ አልነበሩም፤ ኤሊሚያን የሚባሉ የደሴቱ ሰዎች ናቸው፣ ቤተ መቅደሱን ግን በግሪክ ወግ ሠሩ። ሴጀስታ ጠቡ ሲከብዳት አቴናን ለእርዳታ ጠራች። አቴና ገንዘብ እንዳላቸው እንዲያጣሩ መልእክተኞች ላከች። የጥንቱ ታሪክ ጸሐፊ ቱሲዳይደስ እንደሚለው ሴጀስታዎች አታለሏቸው። የወርቅና የብር ዕቃ ከየቦታው ሰበሰቡ፤ ከጎረቤት ከተሞችም ተዋሱ። እንግዶቹን በየቤቱ ሲጋብዙ ያንኑ ዕቃ ከቤት ወደ ቤት ያዞሩት ነበር። እኛ ለሠርግ ከጎረቤት ሳህን እንደምንዋሰው መሆኑ ነው፤ ልዩነቱ ሙሽራው ጦርነት ነበር።

አቴና አመነች። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ415 ታላቅ መርከበኛ ጦር አዘመተች። ጦሩ ሲራኩዛ ላይ በ413 አለቀ። ከተያዙት 7,000 ያህሉ በከተማዋ የድንጋይ ማውጫ ጉድጓዶች ውስጥ ታጎሩ፤ በፀሐይ፣ በጥማትና በቆሻሻ ብዙዎቹ እዚያው ሞቱ። ዛሬ ቱሪስት የሚገባበት የሎሚና የብርቱካን ዛፍ ያለበት ገደል ከከተማዋ የጥንት ማውጫዎች አንዱ ነው። ሴጀስታ አቴና ስትሸነፍባት ካርቴጅን ጠራች። ካርቴጅ መጥታ በ409 ሴሊኑንቴን ደመሰሰች፤ በ406 ደግሞ አግሪጀንቶን ያዘች። አግሪጀንቶ ያለው የዜውስ ቤተ መቅደስ፣ ከግሪኮቹ ሁሉ ትልቁ ከሚባሉት አንዱ፣ ሳይጨረስ የቀረው በዚያን ጊዜ ነው። የካቬ ዲ ኩዛም ድንጋይ እንዲሁ።

ስለዚህ ጋሼ ምክራቸው አንድ ነው። መንገዱን እንደ ታሪኩ ንዱት፦ ሴጀስታ፣ ሴሊኑንቴ ከማውጫው ጋር፣ አግሪጀንቶ፣ ሲራኩዛ። ከዚህ ጠብ ውጭ ያለው ሁሉ ሊቀር ይችላል።

እኔ በዚህ እስማማለሁ፤ ክሩን ለመተረክ የተነሳሁትም በዚህ መልስ ምክንያት ነው። ፍርስራሽ የሚሰለቸው ድንጋዩ ስለሚመሳሰል አይደለም። ማን ከማን ጋር እንደተጣላ ሳናውቅ ስለምናየው ነው።

መልስ 14

ባልየው ራሱ ብቅ አለ! ሚስቱ ክር መክፈቷን የሰማው ከጓደኛው ነው። ዝርዝሩን ተከላከለ። ሞትሲያ ከጠቡ ውጭ አይደለችም አለ። ከካርቴጅ ጋር የወገነች የፊንቄዎች ከተማ የነበረችባት ትንሽ ደሴት ናት። በሐይቅ መሰል ጥልቀት በሌለው ባሕር ውስጥ ስላለች በጀልባ ይገባባታል። የሲራኩዛው ገዥ ዲዮኒስዮስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ397 ያጠፋት ካርቴጅ ላደረገችው ብድሩን ሲመልስ ነው። በ1979 እዚያ የተገኘውን የእብነ በረድ ወጣት ሐውልት ሳያይ እንደማይመለስም ማለ። ትክክል ነው፤ ጋሼም አመሰገኑት። ሚስቱ ግን በክሩ ውስጥ ቤት እንነጋገር የሚል አጭር ነገር ጣለችለት፤ ከዚያ በኋላ አልጻፈም።

መልስ 15

እናትዬውን ያስታወሰች ልጅ ናት። ለእማማ ታሪኩን ትተን የሚቀመጡበትን እናስብ አለች። አግሪጀንቶ ላይ በላይኛው በር፣ በሄራ ቤተ መቅደስ በኩል ቢገቡ መንገዱ ወደ ታች ነው፤ ከታች በታክሲ መመለስ ይቻላል። ሴሊኑንቴ ሰፊ ስለሆነ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ጋሪ ይሳፈሩ። ሴጀስታ ተራራው ላይ ወዳለው ቲያትር አውቶቡስ ይወጣል፤ ወደ ቤተ መቅደሱ ግን ትንሽ ዳገት አለ።

ሲራኩዛ ላይ ግን እማማ ከሁሉም በላይ ይደሰታሉ ብላ ገመተች። ካቴድራሉ አቴና ለተባለችው የግሪክ ሴት አምላክ የተሠራ ቤተ መቅደስ ነበር። ዓምዶቹ ግድግዳው ውስጥ ገብተው ከውጭም ከውስጥም ይታያሉ። ቤተ ክርስቲያን ሆነ፣ ዓረቦች ሲይዙ መስጊድ ሆነ፣ ኖርማኖች ሲመጡ ተመልሶ ቤተ ክርስቲያን ሆነ። ደግሞም ሐዋርያው ጳውሎስ ከማልታ ወደ ሮም ሲሄድ ሦስት ቀን ያረፈባት ሰራኩስ ይህች ናት፤ የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 28 ላይ አለች።

መልስ 16

ከአድዋ ከተማ የሚጽፍ ወንድም ነው፤ በደስታ ያያያዘው ነገር አለ። የሐ ታላቁ ቤተ መቅደስ ከእነዚህ የአግሪጀንቶ ሕንፃዎች ይቀድማል። እሱም እስከዛሬ የቆመው በኋላ ቤተ ክርስቲያን ስለሆነ ነው። ኮንኮርዲያም በ6ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ቤተ ክርስቲያን ስለተደረገ ተረፈ፤ አጠገቡ ያሉት ሰው ስላልገባባቸው ድንጋያቸው ተወስዷል። የዜውስን ቤተ መቅደስ ድንጋይ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ወስደው ፖርቶ ኤምፔዶክሌ የሚባለውን ወደብ ሠርተውበታል። ሕንፃ የሚጠበቀው ሰው ሲጠቀምበት ነው ባይ ነው። መሐንዲሷ ከላይ ተመልሳ መጥታ ሴጀስታን ማን ተጠቀመበት ብላ ጠየቀችው። መልስ አልሰጠም። ጥያቄዋ ግን ጥሩ ነው፤ ሴጀስታ የተረፈው ምናልባት ከከተማ ርቆ ኮረብታ ላይ ስለቀረ ነው።

መልስ 17 እና 18

አስራ ሰባተኛው ፒያሳ አርሜሪናን ለማዳን ገባ። ከጠቡ በ700 ዓመት ይዘገያል፤ የ4ኛው ክፍለ ዘመን የሮማ ባለጸጋ ቤት ነው። ወለሉ 3,500 ካሬ ሜትር ገደማ ሞዛይክ ነው። በ12ኛው ክፍለ ዘመን ናዳ ስለቀበረው ቀለሙ ሳይጠፋ ቆየ። ከ60 ሜትር በላይ በሚረዝም ኮሪደር ላይ ዝሆን፣ አውራሪስና ሰጎን ታስረው ወደ መርከብ ሲገቡ ይታያሉ። እንስሶቹ ከአክሱም የተላኩ ናቸው ሲል በኩራት ደመደመ።

አስራ ስምንተኛው ኩራቱን አላሳለፈለትም። ሥዕሉ በአብዛኛው የሚያሳየው የሮማን የሰሜን አፍሪካ ግዛቶች እንደሆነ፣ አክሱም የሚል ነገር እዚያ እንደሌለ አስረዳው። ግን አንድ ነገር ሰጠው። ቤቱ የተሠራበት ዘመን የንጉሥ ኢዛና ዘመን ነው፤ ሁለቱም በ4ኛው ክፍለ ዘመን ናቸው። ለእኔ ይሄ ይበቃል። ማስረጃ የሌለው ክብር ለማንም አይጠቅምም።

መልስ 19

አይዶኔ የምትባል ትንሽ ከተማ ከፒያሳ አርሜሪና ጥቂት ኪሎ ሜትር ብቻ ትርቃለች። ሙዚየሟ ውስጥ ከሞርጋንቲና ተሰርቃ የወጣች ግዙፍ የሴት አምላክ ሐውልት ቆማለች። የካሊፎርኒያው ጌቲ ሙዚየም በ1988 በ18 ሚሊዮን ዶላር ገዝቷት ነበር። በ2011 መለሳት። ጸሐፊዋ ሐውልቷን ስታይ እንዳለቀሰች ጻፈች።

መልስ 20

ከዚህ ጀምሮ ነፋሱ ተለወጠ። አንድ ወንድም፣ ጣሊያን የተሰረቀባትን ለማስመለስ ይህን ያህል ስትሮጥ የአክሱምን ሐውልት ግን በስንት ልመና መለሰችው ብሎ ጻፈ። ቁጥሩን አስቀመጠ። በ1937 ተወሰደ። በ1947 በተፈረመው የሰላም ውል በ18 ወር ውስጥ ሊመለስ ነበር። የመጣው በ2005፣ የተተከለው በ2008 ነው።

መልስ 21

አሁን ደግሞ መንገዱ ራሱ መሳሪያ ሆነ። ከሴሊኑንቴ ወደ አግሪጀንቶ ስትነዱ ሪቤራ የምትባል ከተማ አለች። ፍራንቼስኮ ክሪስፒ የተወለደው እዚያ ነው አለ ጸሐፊው። የውጫሌ ውል ሲፈረም ጠቅላይ ሚኒስትር የነበረው፣ ዓድዋ ላይ ጦሩ ሲሸነፍ ከሥልጣን የወረደው ክሪስፒ። በየከተማው መንገድ በስሙ ተሰይሟል፤ እዚያ ቆሞ ቡና መጠጣት ውርደት ነው ሲል ጨረሰ።

መልስ 22

በጣም ሻካራ ነው። የታክሲ ሾፌሩ ነው ተመልሶ የጻፈው። ጣሊያን ውስጥ ያንን ስም ያልያዘ መንገድ ላይ ብቻ እነዳለሁ ካልክ መንጃ ፈቃድህን መልስ አለው። እዚሁ አገር ሠርተን እየበላን በታሪክ አንፎክር አለ። አንድ ሁለት ቃል ለቤተሰብ የማይነበብ ስለሆነ ዘለልኩት።

መልስ 23

ጋሼ እንደገና። ሁለቱንም አቀዘቀዟቸው፣ ግን በልመና አይደለም፣ በመረጃ ነው። ክሪስፒ ሲሲሊያዊ ሆኖ ሳለ በ1894 የሲሲሊ ገበሬዎች ለመሬትና ለግብር ሲነሱ በወታደር ነው የጨፈለቃቸው። ከሁለት ዓመት በኋላ ዓድዋ ላይ ከወደቁት መካከል የሲሲሊ መድፈኞች ነበሩ፤ መሲና ባሕር ዳር የማሶቶ ባትሪ ለተባለው ክፍላቸው የቆመ ሐውልት አለ። ከክሪስፒ በኋላ ሥልጣን ይዞ፣ የአዲስ አበባው የሰላም ውል በ1896 ሲፈረም የነበረው ዲ ሩዲኒም የፓሌርሞ ሰው ነው። ስለዚህ ሪቤራ ላይ ቡናውን ጠጡ፣ ስሙንም እወቁ፤ አንዱ ሌላውን አይከለክልም አሉ። ይህን ያህል ነገር አንድ ተራ የገጠር መንገድ ላይ እንደተኛ አላውቅም ነበር።

መልስ 24

የመድረኩ አስተዳዳሪ ነው። ዓድዋ የራሱ ክር እንዳለው አስታውሶ፣ 22ኛው ላይ ሁለት ቃል አጥፍቶ ሄደ።

መልስ 25

ጠያቂዋ ተመለሰች። ሁሉንም በየስሙ አመስግና ውሳኔዋን ነገረች። ግንቦት መጀመሪያ ይሄዳሉ። ከፓሌርሞ ወጥተው ሴጀስታን ጠዋት ያያሉ። ካቬ ዲ ኩዛንና ሴሊኑንቴን በማግሥቱ። አግሪጀንቶ ሁለት ሌሊት ያድራሉ፤ ቤተ መቅደሶቹን ሲመሽ፣ ሙዚየሙን ቀን ላይ። የዜውስን ቤተ መቅደስ ይደግፉ ከነበሩት የድንጋይ ሰዎች አንዱ፣ ከሰባት ሜትር ተኩል በላይ የሚረዝመው፣ ሙዚየሙ ውስጥ ነው ያለው፤ ሜዳው ላይ የተጋደመው ቅጂ ነው። ከዚያ ፒያሳ አርሜሪና፣ ከዚያ ሲራኩዛ። ታኦርሚና ተሰረዘች። የሞርጋንቲና ፍርስራሽም ቀረ፤ አይዶኔ ሙዚየም ጊዜ ካለ። ሞትሲያ ገና በድርድር ላይ ናት።

የታኦርሚና መሰረዝ አላሳዘነኝም። ቲያትሩ ከኤትና እሳተ ገሞራ ጋር ያምራል፣ ፎቶው ግን ከሰው ትከሻ በላይ ነው የሚነሳው።

መልስ 26

መኪና መንዳት የማይችል ተማሪ ነው፣ ከቦሎኛ። ይህን ሁሉ በአውቶቡስ ማድረግ ይቻላል ወይ ብሎ ጠየቀ።

መልስ 27

ፓሌርሞ የኖረው ሰው መለሰለት። ሲራኩዛና አግሪጀንቶ በአውቶቡስ ቀላል ናቸው። ወደ አግሪጀንቶ ከፓሌርሞ ባቡርም አለ። ለሴጀስታ የአውቶቡስ ሰዓት ቀድሞ ማረጋገጥ ያስፈልጋል፤ በተለይ እሑድ። ለሴሊኑንቴ ካስቴልቬትራኖ ላይ መቀየር አለ። ካቬ ዲ ኩዛ ግን ያለ መኪና አይታሰብም፤ ወይ ታክሲ ይካፈላል፣ ወይ ቦታ ትርፍ ያለው ሰው ይፈልጋል። ተማሪው ወዲያውኑ ጠያቂዋን ወንበር አለ ወይ ብሎ ጠየቃት። ባልየው ከዝምታው ወጥቶ፣ ሞትሲያን የሚደግፍ ከሆነ አለ ብሎታል።